ረጅሙ አኒሜ ወይስ አጭሩ ፊልም? ሰሞኑን ያያችሁትን እስቲ እናውራ

ሌሊት አንባቢ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሁሌ የምንጨቃጨቀው ማን ማንን ያሸንፋል በሚል ነው። ዛሬ ሌላ ነገር ላንሳ። በቅርብ ካያችሁት ውስጥ ከጭንቅላታችሁ አልወጣ ያለው የትኛው ነው? ተከታታይ አኒሜም (የጃፓን አኒሜሽን) ይሁን አጭር የአኒሜሽን ፊልም፣ ሁለቱም ይመጣሉ።

አቋሜን አስቀድሜ ልናገር። የዘንድሮም የአምናም ምርጥ አኒሜ ምርጥ የሆነው ፍልሚያው ስላማረ አይደለም። ጊዜ አጠቃቀሙን ስለሚያውቅበት ነው። የት መፍጠን፣ የት ዝም ማለት እንዳለበት ያውቃል። ይህን ችሎታ ደግሞ ከማንም በላይ የያዙት አጫጭር ፊልሞች ናቸው። እንዲያውም ከተከታታዮች ውስጥ የምንወዳቸው ክፍሎች፣ ብዙዎቹ ራሳቸውን የቻሉ አጫጭር ፊልሞች ናቸው ባይ ነኝ።

ለዚህ ዳንዳዳንን እጠራለሁ። ሳይንስ ሳሩ የሠራው፣ በ2024 የወጣው የመጀመሪያው ምዕራፍ፣ 7ኛ ክፍል። (ዓመቶቹን በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ያላያችሁት ይህን አንቀጽ ዝለሉት። አክሮባቲክ ሲልኪ የምትባለው መንፈስ እስከዚያ ድረስ የምታስፈራ ጭራቅ ነበረች። ቀይ ቀሚስ፣ መሬት የሚደርስ ፀጉር፣ የሚተጣጠፍ ሰውነት። ከዚያ በድንገት ጫጫታው ሁሉ ይወርዳል። አንዲት እናት ልጇን ብቻዋን ስታሳድግ እናያለን። ሥራ በሥራ ላይ ትደርባለች። ልጅቷ መደነስ ነፍሷ ነው፤ እናትየውም ደክሟትም ቢሆን አብራት ትሽከረከራለች። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን አልጽፈውም። ታሪኩ የጥቂት ደቂቃዎች ነው። ንግግር የለበትም ማለት ይቻላል። ግን ሲያልቅ ያቺን ጭራቅ በበፊቱ ዓይን ማየት አይቻልም።

እንዲህ ያለ ነገር ከየትኛው አኒሜ አገኛችሁ?


ባለ ቀይ ስካርፍ፦

በ7ኛው ክፍል ማንም አይከራከርህም። እኔም አንጀቴን በልቶኛል። ግን ከእሱ ያወጣኸው መደምደሚያ አይዋጥልኝም።

ያ ክፍል የሠራው ከፊቱ ሌሎች ክፍሎች ስላሉ ነው። ሲልኪን ፈርተናታል። ጠልተናታል። ቶሎ ተሸንፋ በሄደች ብለናል። እነዚያን ደቂቃዎች ብቻ ቆርጠህ ዳንዳዳንን ለማያውቅ ሰው ብታሳየው ያዝናል፣ አዎ። ግን እኛ የተሰማን ሐዘን ብቻ አልነበረም። ስንጠላት በመክረማችን ጥፋተኝነትም ተሰማን። ያንን አጭር ፊልም ከየት ያመጣዋል?

ፍልሚያን ማናናቁም አልተመቸኝም። ዩፎቴብል በጁላይ 2025 ያወጣውን የዲመን ስሌየር ፊልም እይ፤ ኢንፊኒቲ ካስልን ማለቴ ነው። 2 ሰዓት ከ35 ደቂቃ ነው። ብዙ ሰው «ፍልሚያው መሃል ትዝታ እየገባ ያቋርጠዋል» ብሎ ያማርራል። እኔ በተቃራኒው ነው ያየሁት። አካዛ የሚባለው ጋኔን ያን ያህል ለምን በጥንካሬ እንደሚያብድ፣ ደካማ ሰው ሲያይ ለምን እንደሚንገሸገሸው የሚገባን በትዝታው ነው። ትዝታው ከመጣ በኋላ የሚሰነዝረው እያንዳንዱ ቡጢ ትርጉሙ ይቀየራል። ፍልሚያው ራሱ ታሪክ ነጋሪ ነው። ሰውየው የሚናገረው በእጁ ነው።


ዝምተኛዋ፦

ባለ ቀይ ስካርፍ፣ በርዝመቱ ጉዳይ ከአንተ ጋር ነኝ። በፍልሚያው ግን አይደለሁም።

ፍሪረንን አስቡ። ማድሃውስ በ2023 የጀመረው የመጀመሪያው ምዕራፍ 28 ክፍል ነው። የሚነሳው ሌሎች ታሪኮች ከሚያልቁበት ቦታ ነው። የአጋንንቱ ንጉሥ ተገድሏል፤ ጀግኖቹ በድል ተመልሰዋል። ፍሪረን ኤልፍ ናት፤ ከሺህ ዓመት በላይ ኖራለች። ከጀግናው ከሂመልና ከጓዶቹ ጋር የተጓዘችበት 10 ዓመት ለእሷ ዓይን ጨፍኖ እንደመግለጥ ነው። ከ50 ዓመት በኋላ ስትመለስ ሂመል ሸብቶ፣ አጥሮ ያገኛታል። ብዙም ሳይቆይ ይሞታል። እሷም ቀብሩ ላይ ነው የምትነቃው። የሰው ዕድሜ አጭር መሆኑን እያወቀች፣ እሱን ለማወቅ አለመሞከሯ ያቃጥላታል።

ይህ ሁሉ 1ኛው ክፍል ላይ ነው። ያኔ ያለቀስኩት ለእሷ ነው እንጂ ለሂመል አልነበረም። ሂመልን ገና አላውቀውማ! ለእሱ ማዘን የጀመርኩት እየቆየ ነው። አንድ መንደር ሲደርሱ አንድ ትንሽ ትዝታ ይመጣል። ሌላ ቦታ አንድ ሐውልት ይገኛል። 14ኛው ክፍል ላይ ደግሞ ያ ቀለበት አለ። ሂመል የፈለግሽውን ምረጪ ይላታል፤ እሷም ምኑንም ሳታውቅ የሎተስ ቅርጽ ያለበትን ታነሳለች። የአበባው ምሳሌ የማያልቅ ፍቅር ነው። እሱ ያውቃል። ምንም አይልም። ፀሐይዋ እየጠለቀች ተንበርክኮ ጣቷ ላይ ያደርግላታል። በቃ። አንድም ቃል አይናገርም፤ ታሪኩም ለእኛ አያብራራም።

ይህን በ12 ደቂቃ ልትሠራው አትችልም፤ ትዕይንቱን ትሠራዋለህ፣ ጉዳቱን ግን አትሠራውም። እሷ ሳታውቀው ያለፈውን ጊዜ እኛም በክፍል ብዛት ነው የምናልፈው።

በነገራችን ላይ ፍልሚያም አለው። አውራ የምትባለዋ ጋኔን ላይ የሚሆነውን ታስታውሳላችሁ? ያ ሁሉ ዝግጅት፣ ያ ሁሉ ሠራዊት፣ ከዚያ ሚዛኑ ወደ አንድ ወገን ያጋድላል፤ አለቀ። ረጅም ፍልሚያ ሳያስፈልግ የሁለቱን ልክ አሳየን።


ነጭ ጉም፦

ዝምተኛዋ፣ «በ12 ደቂቃ አይሠራም» ስትይ እጄን ያዘኝ። አጋጣሚ ሆኖ ልክ 12 ደቂቃ የሆነ፣ ልክ ይህንኑ የሚሠራ ፊልም አለ። ኩኒዮ ካቶ በ2008 የሠራው ላ ሜዞን አን ፔቲ ኪዩብ። በ2009 በአጭር አኒሜሽን ኦስካር ወስዷል።

አንድ ሽማግሌ ውሃ በዋጣት ከተማ ብቻውን ይኖራል። ውሃው ከፍ ባለ ቁጥር ጡብ ደርድሮ ከቤቱ ላይ ሌላ ቤት ይሠራል። ሁሌም የላይኛው ክፍል ውስጥ ነው የሚኖረው። አንድ ቀን ዕቃ ሲያጓጉዝ ፒፓው ከእጁ ታመልጥና ወደ ታች ትሰጥማለች። ሌላ ፒፓ ይሞክራል፤ አይሆንለትም። የጠላቂ ልብስ ለብሶ ይወርዳል። ፒፓዋን ያገኛታል። ሲያነሳት ሚስቱ አንስታ ስትሰጠው ትዝ ይለዋል።

እዚያ ላይ መመለስ ይችል ነበር። የወረደበትን አግኝቷል። እሱ ግን ወለሉ ላይ ያለችውን መዝጊያ ያያታል። ይከፍታትና አሁንም ይወርዳል። አንድ ፎቅ በወረደ ቁጥር ዕድሜው ወደኋላ ይሄዳል። ሚስቱ የታመመችበት አልጋ፣ ከዚያ ቤተሰቡ ፎቶ የተነሳበት፣ ከዚያ ልጁ የተዳረችበት፤ እያለ እስከ መጀመሪያው ቤት።

ያ ቤት ለእኔ እንደ ፍሪረን 28 ክፍል ነው እኮ! አንድ ሙሉ ዕድሜ ተደርድሮ ቆሟል። ዳይሬክተሩ ጊዜን እንድናልፍበት አላደረገም፤ ጊዜን ወደ ቦታ ቀየረው። ስለዚህ መለየት ያለብን ርዝመቱን አይመስለኝም። ፍሪረን ጊዜን በመጠበቅ ታሳያለች። ይህ ፊልም በከፍታ ያሳያል። ሁለቱም ያውቁበታል።

ካነሳነው አይቀር፣ በ2025 በዚያው ዘርፍ ኦስካር የወሰደውን የኢራናውያኑን ፊልም፣ ኢን ዘ ሻዶው ኦፍ ዘ ሳይፕረስን ያላየ ይፈልገው። ሺሪን ሶሃኒና ሆሴን ሞላየሚ ናቸው የሠሩት። 20 ደቂቃ ገደማ ነው፤ አንድም ንግግር የለበትም። የጦርነት ትዝታ ያቃወሰው የቀድሞ የመርከብ ካፒቴን ከልጁ ጋር ባሕር ዳርቻ ይኖራል። አንድ ዓሣ ነባሪ ደረቅ መሬት ላይ ይወጣል። ልጅቷ ውሃ እያመላለሰች ልታድነው ትታገላለች። የአባትየው ሕመም ሲነሳ ስዕሉ ራሱ ይታመማል፤ ሰውነቱ ይሰነጠቃል፣ ይዛባል። ስለ ሕመሙ ማንም አይነግረንም፣ ግን ሁሉንም እናውቃለን።


እርሳስና ላጲስ፦

እኔ አኒሜሽን እየተማርኩ ነው፤ ትንሽ ከእጅ ሥራው በኩል ልናገር።

በአንድ ሰከንድ ውስጥ 24 ፍሬም (ተከታትሎ የሚታይ ምስል) አለ። 24 ስዕል አለ ማለት ግን አይደለም። አብዛኛው አኒሜ አንዱን ስዕል ለሁለት ወይም ለሦስት ፍሬም ያቆየዋል። በሰከንድ 12 ወይም 8 ስዕል ማለት ነው። ይህ አሠራር ዛሬ የመጣ አይደለም። አስትሮ ቦይ በጃንዋሪ 1963 በቴሌቪዥን ሲጀምር በየሳምንቱ አንድ ክፍል ማድረስ ነበረበት። የኦሳሙ ቴዙካ ስቱዲዮ ስዕሎችን እየቆጠበ፣ አንዱን ደጋግሞ እየተጠቀመ፣ ቆሞ የሚታይ ምስል እያስገባ ነው የዘለቀው። ዛሬ «የአኒሜ ዝምታ» እያልን የምናደንቀው ነገር አንዱ ሥሩ እዚያ ነው። እጥረት ነበር፤ ጎበዞቹ ቋንቋ አደረጉት።

ስለዚህ ቆሞ የሚታይ ምስል ሁሉ ስንፍና አይደለም። የሚለየው ለምን ቆመ የሚለው ነው። ሂመል ሲንበረከክ ምስሉ የሚቆየው እንድናይ ነው። ዋን ፓንች ማን 3ኛው ምዕራፍ ላይ በኦክቶበር 2025 ሰው ሁሉ የተናደደባቸው ምስሎች ግን የቆሙት ለማየት ስለተፈለገ አይመስልም። መንቀሳቀስ ባለበት ቦታ ነው የቆሙት።

አንድ ነገር ግን አደራ። አኒሜተሮቹን አትስደቡ። የ2015ቱ የመጀመሪያው ምዕራፍ ያን ያህል ያማረው ዳይሬክተሩ ሺንጎ ናትሱሜ በየቦታው ያሉ ጎበዝ አኒሜተሮችን በግል ትውውቁ ጭምር ስላሰባሰበ ነው። እንዲህ ያለ ስብስብ በትዕዛዝ አይገኝም። የጊዜ ሰሌዳውን የሚወስነው ሰዓሊው አይደለም። ገንዘቡን የሚያወጡት አሳታሚው፣ የቴሌቪዥን ጣቢያው፣ የሙዚቃና የአሻንጉሊት ኩባንያዎች በአንድ ኮሚቴ ተሰባስበው ነው። ስቱዲዮው ብዙ ጊዜ ተቀጥሮ የሚሠራ ነው። በዋና ዋናዎቹ ስዕሎች መሃል የሚገቡትን ሙሌት ስዕሎች የሚሠሩት ደግሞ ብዙዎቹ የሚከፈላቸው በስዕል ቁጥር ነው። ሌሊቱን ቁጭ ብሎ የሳለው ልጅ ጠዋት ተነስቶ የስድብ ናዳ ሲያነብ አስቡት። በጣም ነው የሚያሳዝነኝ።


ባለ ቀይ ስካርፍ፦

እርሳስና ላጲስ፣ ይህን ስለጻፍሽ አመሰግናለሁ። ዋን ፓንች ማን ላይ እኔም ተበሳጭቻለሁ፤ ብስጭቴም ትክክል ነው እላለሁ። ባላንጣውን ጋሩን ለዓመታት ስንጠብቀው ነበር። ግን ንዴቱ ወዴት መሄድ እንዳለበት ልክ ነሽ።


የፕላኔት ልጅ፦

ኦርብን ማንም አለማንሳቱ ገረመኝ! ስለ መሬት መዞር የሚተርከው። ማድሃውስ ነው የሠራው፤ ከኦክቶበር 2024 እስከ ማርች 2025፣ 25 ክፍል። መነሻው የኡዎቶ ማንጋ (በስዕል የሚተረክ የጃፓን መጽሐፍ) ነው።

ዘመኑ 15ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ አገሩ አውሮፓን የሚመስል የፈጠራ አገር። መሬት በፀሐይ ዙሪያ ትዞራለች ብሎ ማሰብ ያስገድላል። ራፋል የሚባል የ12 ዓመት ልጅ አለ። ብልጥ ነው። ሰው ምን መስማት እንደሚፈልግ ያውቃል፤ ያንን እየተናገረ ሁሉን ያገኛል። ከዚያ ይህ ሐሳብ ይመጣበታል። ሐሳቡ ያምራል። ችግሩ ማማሩ ነው። ሊተወው አይችልም።

ከዚህ በላይ አልናገርም። ይህን ያህል ግን ልበል፦ ይህ ታሪክ አንድን ሰው ይዞ እስከ መጨረሻ አይሄድም። ሰው ያልፋል፤ ሐሳቡ ወደሌላ እጅ ይሻገራል። አንድ የተደበቀ ሳጥን አለ፤ እሱን ያገኘ ሁሉ ሕይወቱ ይገለበጣል። ሰዎቹ አብዛኛዎቹ እርስ በርስ አይተዋወቁም። አንዱ የጀመረውን ሌላው ይቀጥላል፤ ማን እንደጀመረው እንኳ ሳያውቅ።

ነጭ ጉም፣ የሽማግሌው ቤት አሳምኖኛል፤ ዛሬውኑ አየሁት። ግን ኦርብን ማሳጠር አይቻልም የምለው በሌላ ምክንያት ነው። አንድ ሰው እንድትወድ ይደረጋል። ከዚያ ይወሰድብሃል። ከዚያ አዲስ ሰው ይመጣል፤ አንተም «ይሄ ደግሞ ማነው» ትላለህ፤ ትቀየመዋለህ። ከጥቂት ክፍሎች በኋላ እሱንም ወደኸዋል። ያ መቀየም የታሪኩ አካል ነው። መቀየም ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል።


ሌሊት አንባቢ፦

ክሩ ከጠበቅኩት በላይ ሄደ፤ ደስ ብሎኛል።

የፕላኔት ልጅና ዝምተኛዋ ያላችሁት አንድ ላይ ይገጥማል። ረጅም ታሪክ ብቻ የሚችለው ነገር አለ፤ መልመድ። አንድን ሰው ለምደኸው ሲጎድል የሚሰማ ስሜት። አጭሩ ፊልም ደግሞ መልመድን ስለማይችል በአንድ ዕቃ ላይ ይጭነዋል። በፒፓ። በመዝጊያ። ይህን ካልን በኋላም ግን አንድ ነገር አልለቅም። ብዙ ተከታታዮች የተሰጣቸውን ርዝመት አይጠቀሙበትም። 12 ክፍል ስለታዘዘ 12 ክፍል ይሞላሉ። ፍሪረንና ኦርብ የተለዩት ለዚህ ነው። ርዝመቱ ለታሪኩ ያስፈልገዋል።

ለዚህም ነው ታኮፒን የማደንቀው። ታኮፒስ ኦሪጂናል ሲን፣ ጁን 2025፣ 6 ክፍል ብቻ። ማንጋው ሁለት ጥራዝ ነው፤ አኒሜውም ከዚያ በላይ አልለጠጠውም። በኢንተርኔት ስለወጣ ክፍሎቹም እኩል አይደሉም። ታሪኩ ሲፈልግ ይረዝማል፣ ሲበቃው ያቆማል።


ዝምተኛዋ፦

ታኮፒ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ ያላያችሁ ይህን ሳታነቡ አትጀምሩት። አሻንጉሊት በሚመስለው ሮዝ ፍጡር፣ በታኮፒ እንዳትታለሉ። ልጆችን ማሠቃየት፣ ቤት ውስጥ የሚደርስ በደል፣ ራስን ማጥፋት አለበት። ለሕፃን ልጅ የሚታይ ፈጽሞ አይደለም። ለአዋቂም ቢሆን ልብ ደህና በሆነበት ቀን ይሁን።

እኔ ግን እንደ ሌሊት አንባቢ አልወደድኩትም። ተሠርቷል፣ በሚገባ ተሠርቷል። የልጆቹ የድምፅ ተዋንያን ትንፋሻቸው ሳይቀር ያስጨንቃል። ቅሬታዬ መጨረሻው ላይ ነው። እነዚያ ልጆች የደረሰባቸው ነገር ያን ያህል ከባድ ሆኖ ሳለ መፍትሔው በጣም ፈጥኖ መጣ። ሺዙካን እቤት ማን እየጠበቃት ነው? ማሪናን እናቷ ዛሬም አትመታትም? አዋቂዎቹ ምንም አልተጠየቁም። አንድ ክፍል ቢጨመርለት ኖሮ ብዬ ነው የተነሳሁት።


ሌሊት አንባቢ፦

ዝምተኛዋ፣ እኔ መጨረሻውን እንደ መፍትሔ አላየሁትም። አዋቂዎቹ አልተለወጡም፤ ልክ ነሽ። የተለወጠው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሁለቱ ልጆች የሚያወሩት ሰው አገኙ። ታኮፒ ከመጀመሪያው ጀምሮ ዕቃ እያወጣ ሲሰጥ ነው የከረመው። ሪባን፣ ካሜራ፣ ምናምን። አንዱም አልጠቀመም። የጠቀመው መነጋገር ነው። እሱ ትንሽ ነገር ነው። ትንሽ መሆኑን ደግሞ ታሪኩ አልደበቀም።


ዝምተኛዋ፦

አነበብኩት። አሁንም አዋቂዎቹ እንዲጠየቁ እፈልጋለሁ።


ባለ ቀይ ስካርፍ፦

ስለ መልመድ ካነሳችሁ እኔም የሆዴን ልናገር። ማይ ሂሮ አካዴሚያ በዲሴምበር 2025 አለቀ። የጀመረው በኤፕሪል 2016 ነው። ስምንት ምዕራፍ። ሲጀምር ልጅ የነበረ ሰው ሲያልቅ አዋቂ ሆኗል።

እውነቱን ለመናገር ሁሉም ምዕራፍ እኩል አይደለም። መሃል ላይ የሚያንቀላፉ ክፍሎች አሉ። ሌሊት አንባቢ «ለመሙላት የተሠሩ» የሚላቸው ዓይነት። ግን ባኩጎን ስድስት ምዕራፍ ሙሉ ካላየኸው፣ ይቅርታ መጠየቁ ምን ያህል እንደከበደው አይገባህም። 1ኛው ምዕራፍ ላይ ዋናውን ገጸ ባሕርይ ሚዶሪያን «ከጣራ ላይ ዝለል» ብሎ የሰደበ ልጅ ነው። ያ ልጅ ዝናብ ላይ ቆሞ አንገቱን ሲደፋ፣ እኔ የሆንኩትን መሆን በአጭር ፊልም አይመጣም። ደካማ ክፍሎቹም አብረውን ስለኖሩ ይመስለኛል። ከማን ጋር ነው ሁሌም የሚያምር ቀን ብቻ ያሳለፋችሁት?


አዲስ ገቢ፦

ሰላም። እኔ አኒሜ ብዙ አላየሁም፤ አጫጭር ፊልሞችን ደግሞ ጭራሽ። የምትሉትን ሁሉ ሳነብ ጓጓሁ። ግን 28 ክፍል፣ 25 ክፍል ስትሉ ደነገጥኩ። ከየት ልጀምር? ማታ ማታ ነው ጊዜ የማገኘው፤ እሱም ብዙ አይደለም።


ነጭ ጉም፦

አዲስ ገቢ፣ እንኳን መጣህ። (መጣሽም ከሆነ እንዲሁ።)

መጀመሪያ ሚልኪ ሳብዌይ። ጁላይ 2025 ነው የወጣው፤ 12 ክፍል፣ እያንዳንዱ ሦስት ደቂቃ ተኩል ያህል። ዮሄይ ካሜያማ የሚባል ዳይሬክተር በ2022 ለመመረቂያ ብሎ ሚልኪ ሃይዌይን በአብዛኛው ብቻውን ሠራ። ያ ተወደደና ይሄኛው ተከተለ። የጠፈር ትራፊክ ሕግ ጥሰው የተያዙ ወጣቶች ቅጣታቸው ባቡር ማጽዳት ነው። ባቡሩ ይዟቸው ይነሳል። የሚያስደስተው ንግግሩ ነው። አንዱ የሌላውን አፍ ይነጥቃል፤ አንዷ ታጉተመትማለች፤ ልክ ጓደኛሞች ሲያወሩ እንደሚሆነው ነው።

ከዚያ የማኮቶ ሺንካይን ቮይስስ ኦፍ አ ዲስታንት ስታር። 2002፣ 25 ደቂቃ። ዮር ኔምን ከሠራው ሰው ነው። ያኔ ስም አልነበረውም፤ ከሥራው ወጥቶ ቤቱ ቁጭ ብሎ በአንድ ኮምፒውተር አብዛኛውን ብቻውን ሠራው። አንዲት ልጅ ወደ ጠፈር ትሄዳለች። በስልክ መልእክት ትልካለች። በራቀች ቁጥር መልእክቷ እሱ ጋ ለመድረስ ይዘገያል፤ ቀናት፣ ወራት፣ በመጨረሻ ዓመታት። የፊቶቹ አሳሳል ዛሬ ለሚያየው ይሻክራል። ግን ሐሳቡን ማንም አልደገመውም።

በቀለም የተለየ ነገር ካማረህ ደግሞ የዩሪ ኖርስታይንን የጃርቱንና የጉሙን ፊልም ፈልግ። 1975፣ 10 ደቂቃ። የሶቪየት ሥራ ነው፤ የጃፓን አኒሜተሮች ግን እንደራሳቸው ነው የሚያዩት። ጉሙን የሠራው በኮምፒውተር አይደለም። በጣም ስስ ወረቀት ከስዕሉ ላይ አድርጎ ቀስ እያለ ወደ ካሜራው ከፍ ያደርገዋል። ወረቀቱ ሲርቅ ጃርቱ ይደበዝዛል። ይኸው ነው። ሃምሳ ዓመት አለፈው፤ ዛሬም ከዚያ የተሻለ ጉም አላየሁም።


እርሳስና ላጲስ፦

እኔ አንድ ብቻ ነው የምመክረው። ሉክ ባክ።


የፕላኔት ልጅ፦

ሉክ ባክ አጭር ፊልም ነው እንዴ? 58 ደቂቃ ነው።


ነጭ ጉም፦

በኦስካር ሕግ አጭር የሚባለው ስሞቹን ጨምሮ እስከ 40 ደቂቃ ነው። ስለዚህ አይደለም። ግን እዚህ ክር ላይ ቦታ አለው፤ ምክንያቱም በሁለቱ መሃል ነው ያለው።


እርሳስና ላጲስ፦

ኪዮታካ ኦሺያማ በ2024 ያወጣው ነው፤ ከታትሱኪ ፉጂሞቶ ማንጋ። ፉጂኖ የምትባል ልጅ ለትምህርት ቤት ጋዜጣ ትንንሽ ማንጋ ትስላለች። ሁሉም ያደንቃታል። አንድ ቀን ከቤቷ የማትወጣው ኪዮሞቶ የሳለችው ከእሷ ጎን ይታተማል። የኪዮሞቶ ይበልጣል። ያን ቀን ፉጂኖ ላይ የሚታየው ፊት፣ የሚስል ሰው ሁሉ የሚያውቀው ፊት ነው።

ከዚያ ትስላለች። ወቅት ይፈራረቃል፤ እሷ ጀርባዋን ሰጥታን ጠረጴዛዋ ላይ አለች። መስኮቱ ይለወጣል፣ መጻሕፍቱ ይበዛሉ፣ ጀርባዋ ያው ነው። ከዚያ ተስፋ ቆርጣ ትተወዋለች። በኋላ ኪዮሞቶ በሩን ከፍታ ወጥታ «ፉጂኖ መምህር!» ብላ ስትጠራት፣ አድናቂዋ እንደነበረች ስትነግራት፣ ፉጂኖ ፊት ለፊቷ ኮስተር ትላለች። ዞር ካለች በኋላ ግን በዝናቡ ውስጥ መጀመሪያ በእርምጃ፣ ከዚያ በዝላይ፣ ከዚያ መላ ሰውነቷን እየወረወረች ወደ ቤቷ ትሄዳለች። ያ አካሄድ ደስታ ነው፣ ኩራት ነው፣ እፎይታም ነው። እጇ ከእግሯ ጋር አይገጥምም። እንዲህ ያለውን እንቅስቃሴ ቆንጆ አድርጎ መሳል ቀላል ነበር፤ ኦሺያማ እንዲንገዳገድ ተወው።

እንደ ተማሪ የሚያስቀናኝ መስመሮቹ ናቸው። በተለመደው አሠራር የቁልፍ ስዕሉ (የእንቅስቃሴው ዋና ስዕል) ሻካራ መስመር በኋላ ይጸዳል፤ አንድ ዓይነት ይሆናል። እዚህ ግን አኒሜተሩ የሳበው መስመር እንዳለ ቀርቷል። ወፍራሙ ወፍራም ነው፣ የተቆራረጠውም እንደተቆራረጠ ነው። ስለ መሳል የሚያወራ ፊልም የሰዓሊውን እጅ አልደበቀም። ባለ ቀይ ስካርፍ «ሰውየው የሚናገረው በእጁ ነው» ያልከው ለእኔ እዚህ ነው።

አዲስ ገቢ፣ ከመሃሉ በኋላ ይከብዳል፤ ተዘጋጅተህ ግባ። መጨረሻ ላይ ስሞቹ ማለፍ ሲጀምሩም አትዝጋው። ፊልሙ ገና አላለቀም።


አዲስ ገቢ፦

እሺ፣ ዛሬ ማታ ሉክ ባክ። ሚልኪ ሳብዌይን ለነገ አስቀምጫለሁ። ወንድ ነኝ፣ ነጭ ጉም።


ባለ ቀይ ስካርፍ፦

ጎበዝ። ሲያልቅ መጥተህ ጻፍልን። ፍሪረንንም ብዙ አትፍራት፤ የመጀመሪያዎቹ አራት ክፍሎች ጃፓን ውስጥ ሲጀምሩ እንደ አንድ ፊልም ባንድ ምሽት ነው የታዩት። አንተም አራቱን አንድ ላይ እያቸውና 5ኛውን ለማየት ከፈለግክ ትቀጥላለህ፣ ካልፈለግክ ትተዋለህ።